የማሻዋ ኮምቢ የዘር ሐረግ

ማሻ ስላችሁ የሸካውን ማሻ እንዳታስቡብኝ። እዚያ ጫካ፣ ማርና ቡና አለ፤ እዚህ ገብስ፣ በግና ብርድ ነው። የእኛ ማሻ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በመካነ ሰላም በኩል፣ ምድሩ ወደ አባይ ሸለቆ ሊወርድ ሲል ነው። ከደሴ የተነሳ መኪና በቱሉ አውሊያና በአቀስታ አልፎ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መካነ ሰላም ይገባል። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ያልፋል፤ ዳገቱ ላይ ሰውም መኪናም እኩል ያለከልካል። ልዩነቱ፣ ሰው ሲደክመው ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል፤ መኪና ሲደክመው ግን ከጎማው ኋላ የሚያስቀምጠውን ድንጋይ ፍለጋ የሚሮጠው ባለቤቱ ነው።

በዚህ አገር እኔ ኮምቢ አለኝ። ቮልስዋገን ኮምቢ፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ሾፌሯ ደግሞ ልክ ከፊት ጎማው በላይ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች ናት። በወጣትነቷ የካምፕ መኪና ነበረች፤ የሚታጠፍ አልጋ፣ ጠረጴዛና ቁም ሳጥን ነበራት። አልጋው የት እንደገባ አይታወቅም። ቁም ሳጥኑን ግን መኪናዋን የሸጡልኝ የአዲስ አበባ ጡረተኛ ሳሎን ውስጥ፣ ጫማ ተደርድሮበት አይቼዋለሁ። አብሮ ይሸጥልኝ ብላቸው «እሱማ የቤት ዕቃ ነው» አሉኝ።

መካነ ሰላም ላይ ከአይሱዙ ቅጥቅጥ፣ ከዶልፊንና ከባጃጅ መሀል ስትቆም ሰው ይከባታል። ሽማግሌዎቹ «ሞተሯ የት ነው?» ይላሉ። ከኋላ እንደሆነ ሲነገራቸው «ታዲያ ከፊት ምን ሊጎትታት ነው?» ብለው ያዝኑልኛል። ሙያ አለኝ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው የሚያመጣብኝ፦ «ሞተሯ ኦሪጅናል ነው?» ይህ ጥያቄ ሰልችቶኝ ነው የሞተሩን የዘር ሐረግ ስቆጥር የከረምኩት። ወሎ ውስጥ ደግሞ ዘር መቁጠር የጀመረ ሰው ከማን ጋር ተዛምዶ እንደሚያርፍ አስቀድሞ አያውቅም።

መካኒኩን አያ ነው የምላቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ግብር ሰብሳቢም ወግ ያነባል። ሞተሩን ያወረዱት እሳቸው ናቸው። የቮልስ ሞተር ካምቢዮው ላይ የሚታሰረው በአራት ብሎን ነው፤ አንድ ክሪክና አንድ ብርቱ ረዳት ካለ፣ አቦል ሲጠጣ የተጀመረው ሥራ በረካው ሳይቀዳ ያልቃል፤ ሞተሩም መሬት ላይ ነው።

«አያ፣ ይሄ ሞተር ኦሪጅናል ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ኦሪጅናል ምን ማለት ነው?»

«ያልተነካ፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ።»

«እንደወጣ የቀረ ሞተር፣ ሳይሠራ የቀረ ሞተር ነው» አሉና እጃቸውን ቤንዚን በነካው ጨርቅ ጠርገው ይቆጥሩልኝ ጀመር። ሞኖብሎኩ ከአንዲት የተጋጨች ቮልስ የመጣ ነው። ፒስተኖቹና ሲሊንደሮቹ ብራዚል የተሠሩ ናቸው። ኮሎው ደሴ ቶርኖ ቤት ገብቶ ሩብ ሚሊ ሜትር ተነስቶለት፣ አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ብሮንዚና ለብሷል። ከሁለቱ ቴስታታዎች አንዷ በቫልቮላዎቹ መሀል ተሰንጥቃ ተበይዳለች። የቤንዚን ፖምፓውን ጓርኒሲዮን አያ ራሳቸው ከብስኩት ካርቶን በመቀስ ቆርጠው ነው የገጠሙት፤ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት የብስኩቱ ስም ይነበባል።

«ታዲያ ከጀርመን የቀረው ምንድን ነው?»

«ድምፁ» አሉኝ።

ድምፁን ተከትዬ ጀርመን ገባሁ፤ በመጽሐፍ በኩል ነው ታዲያ፣ ቪዛው አይሞከርም። የመጀመሪያውን፣ ኦሪጅናሉን ላገኝ ብዬ ነበር። ቮልስዋገንን ፈጠረ የሚባለው ፈርዲናንድ ፖርሸ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሞተሩን የነደፈው ፖርሸ ዘንድ ይሠራ የነበረ ፍራንዝ ራይምሽፒስ የተባለ ኦስትሪያዊ መሐንዲስ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ ወደ ጎን ሲኬድ ደግሞ ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ ሃንስ ሌድቪንካ የተባለ ሌላ መሐንዲስ አለ፤ ለታትራ ኩባንያ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ከኋላ የተቀመጠ፣ አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተኙ ሞተር ያላት መኪና ሠርቷል። ታትራ ክስ አቀረበ። ክሱ ሳይቋጭ ሂትለር ቼኮዝሎቫኪያን ያዘና ጉዳዩ በጠመንጃ ተዘጋ። ከጦርነቱ በኋላ ግን እንደገና ተነስቶ ቮልስዋገን ካሳ ከፍሏል። ሰነፍ ዳኛ እንኳ ቢሆን ካሳ የተከፈለበትን ነገር ኦሪጅናል ብሎ አይፈርድም።

የፋብሪካው ታሪክም ቢሆን ቀጥ ያለ አይደለም። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1938 ተጀመረ። የጀርመን ሠራተኛ በየሳምንቱ የ5 ማርክ ቴምብር እየገዛ ደብተሩ ላይ እንዲለጥፍ፣ 990 ማርክ ሲሞላ መኪናውን እንዲረከብ ተነገረው። 336,000 ያህል ሰው ቆጠበ። ከቆጣቢዎቹ መኪና የተረከበ አንድም ሰው የለም። ጦርነት መጣና ፋብሪካው ኪዩቤልቫገን የሚባለውን የጦር መኪና ያመርት ጀመር። (እዚህ ላይ ለኮንዶሚኒየም የምትቆጥቡ አንባቢዎች ትንሽ ትንፋሽ ውሰዱ።) ያው ሞተር በሰሜን አፍሪካ አሸዋና በሩሲያ በረዶ ሲፈተን ከረመ። ውሃ ስለሌለው በረሃ ላይ የሚፈላ፣ ሩሲያ ላይ በረዶ ሆኖ የሚሰነጥቀው ነገር አልነበረውም።

ጦርነቱ ሲያበቃ በቦምብ የተደበደበው ፋብሪካ እንግሊዞች እጅ ገባ። ኃላፊው አይቫን ኸርስት የተባለ ሻለቃ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ለኔ ጣፋጩ። ፋብሪካው ውስጥ ዕቃ ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው የሚያመላልሱበት መሣሪያ ሲቸግራቸው፣ ሠራተኞቹ የቮልስን ሻንሲ ወስደው ላዩ ላይ ጠፍጣፋ መደብ ሠሩበት፤ ሾፌሩን ኋላ፣ ከሞተሩ በላይ አስቀመጡት። ለሽያጭ አይደለም፤ ለገዛ ሥራቸው። እ.ኤ.አ. በ1947 ቤን ፖን የተባለ የሆላንድ መኪና ነጋዴ ፋብሪካውን ሊጎበኝ መጥቶ ይቺን ጋሪ አየና ዓይኑ ቀረባት። ሚያዝያ ወር ላይ በማስታወሻ ደብተሩ አንድ ሳጥን የመሰለ ነገር ሣለ፦ ሾፌሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ፣ ጭነቱ ከመሀል። በ1950 ኮምቢ በ25 የፈረስ ጉልበት ከፋብሪካ ወጣች። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ዌስትፋሊያ የተባለ ኩባንያ አልጋና ቁም ሳጥን አስገባባት፤ ያ የጫማ መደርደሪያ የሆነው ቁም ሳጥን ዘሩ ከዚያ ነው።

እንግዲህ ኮምቢ የተወለደችው ከቅጥቅጥ ነው። ኮምቦልቻ ወይም አዲስ አበባ ላይ የአይሱዙ ሻንሲ ላይ ላሜራ ቀጥቅጦ አውቶብስ የሚያወጣው ሰው እነዚያ የጀርመን ሠራተኞች ካደረጉት የተለየ ነገር አላደረገም። ልዩነቱ የኛውን አይቶ ደብተሩ ላይ የሚሥል ሆላንዳዊ አለመምጣቱ ነው።

ጀርመንና የወሎ ደጋ በመንኮራኩር ጉዳይ የተዋወቁት ግን በቮልስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀመጧቸው ጀርመኖችና ስዊሶች ለወንጌል መጥተው መድፍ ያፈሰሱ ናቸው። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነስተው በዋድላና በዳውንት አድርገው፣ በሽሎን ተሻግረው መቅደላ እስኪያወጡት ስድስት ወር ፈጀ። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱን ከፊት ከፊት እየሠሩ፣ ራሳቸው ንጉሡም ድንጋይ እያነሱ፣ መድፉን በጠፍር የሚጎትተው ሰው ነበር። ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ። የኔን ኮምቢ ከጭቃ ሲያወጡ የሚያጉረመርሙ ጎረምሶችን ይህን እነግራቸዋለሁ፤ «እሱስ የንጉሥ ነበር» ብለው የጉልበት ዋጋ ይጨምሩብኛል።

ሞተር መፍታት የመጣው ግን ከጋፋት አይደለም፤ ከጣሊያን ነው። በ1928 ዓ.ም ጠላት ሲገባ ፊያት 634 የሚባለውን፣ እኛ ትሬንታ ኳትሮ ያልነውን ከባድ መኪና ይዞ ገባ። ከአዲስ አበባ በጣርማ በር በኩል ወደ ደሴ የሚሄደውን መንገድ ሠራ። በአምስት ዓመቱ ተባረረ፤ ጋራዡን ግን ትቶ ሄደ። ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ ቶርኖውን፣ ከጣሊያኖቹም ለመሄድ ያልቸኮሉትን መካኒኮች። ካንዴላ አቀብል፣ ፋሻ አምጣ እየተባለ የተላከው የኛ ልጅ ነው በኋላ ጋራዥ የከፈተው። ቀጥሎ አዲስ አበባን ሰይቼንቶ ሞላት፤ ትንሿ ፊያት፣ እሷም ሞተሯ ከኋላ። ታክሲ ሆና ስንቱን አዛውንት ጉልበቱን አገጩ ላይ አስጠግታ አመላለሰች። በሰይቼንቶ የሠለጠነ መካኒክ ቮልስ ሲመጣበት አልደነገጠም፤ ኮፈኖ ከፊት ከፍቶ ሻንጣ ማግኘትን ለምዶታል።

ቮልስ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ የአስተማሪው፣ የባንክ ጸሐፊውና የወጣት ሐኪሙ መኪና ሆነች። ኮምቢዋ ቁጥሯ ያነሰ ነበር። አንዳንዷ የሚስዮን፣ አንዳንዷ የትምህርት ቤት ነበረች፤ አንዳንዷ ደግሞ ከአውሮፓ ተነስቶ ኬፕታውን እገባለሁ ያለ መንገደኛ ገንዘቡ ወይም ፍቅሩ ሲያልቅበት እዚህ ሸጧት ሄዷል። የኔዋ ከነዚህ የመጨረሻዎቹ ሳትሆን አትቀርም፤ ከጣራው ውስጥ የአገሮች ባንዲራ ተለጥፎ የተላጠበት ምልክት አለ፤ ሱዳን ድረስ ይነበባል።

ከዚያ ደርግ መጣ። ቤንዚን በኩፖን፣ መለዋወጫ በዕድል ሆነ። ፈረንጅ ዛሬ አሮጌ ኮምቢ ገዝቶ ሞተር ፈትቶ መግጠምን የእሑድ መዝናኛ አድርጎታል፤ ጓንት አጥልቆ፣ እያንዳንዱን ብሎን ፌስታል ውስጥ እየከተተ ስሙን እየጻፈበት። እኛ ዘንድ ይህ ሙያ የተወለደው ሌላ ፒስተን ስላልነበረ ነው። የተሰበረውን ፋሻ በሌላ መኪና ፋሻ አስተካክሎ ማስገባት፣ ያለቀን ብሮንዚና በቶርኖ ማውጣት፣ የተቆረጠን ቺንጋ እስከ ቀጣዩ ከተማ በማንኛውም ነገር መተካት። እርግጥ ሁሉም አያምርም። አንዳንዱ ብልሃት ሳይሆን ግድ የለሽነት ነው፤ ብየዳው ላይ ቀለም ቀብቶ «አዲስ ነው» የሚል መካኒክ በየከተማው አለ። አያ ግን የበየዱትን ሳይቀቡ ነው የሚተዉት፤ «ቀጥሎ የሚፈታው ሰው ይወቀው» ይላሉ።

አሁን ስለ ደጋው ልናገር፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

መካነ ሰላም ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ነው። ስለዚህ በ1600 ሲሲ 50 ገደማ የፈረስ ጉልበት ይዞ የመጣ ሞተር፣ እዚህ ሲደርስ ሩቡ ፈረስ ከቆላ አልወጣም ብሎ ይቀራል። ካርቡራቶሩ ግን ይህን አያውቅም። ለወፍራም አየር የተበጀውን ያህል ቤንዚን ይረጫል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ማርሚታው ይጠቁራል፣ ቤንዚኑ በከንቱ ያልቃል። አያ በዚህ ምክንያት ሁለት ጂግለር አላቸው፤ ቀዳዳዋ ጠበብ ያለችው ለደጋ፣ ሰፋ ያለችው ለቆላ። ወደ አባይ ልወርድ ስል ያቺን የቆላዋን ራሳቸው ይገጥሙልኛል። የደጋዋን ይዤ ብወርድ ወፍራሙ አየር ቤንዚኑን ያሳሳዋል፤ የሳሳ ድብልቅ ደግሞ በጣም ይግላል። የፈረስ ለኮ እንደመቀየር ቀለል አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተማ ባለ ሐኪም ቤት አላየሁም።

ውሃ አለመኖሩ በዚህ አገር በረከት ነው። መካነ ሰላም ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ላይ ገደማ ነው፤ ራዲያተር ያለው መኪና ዳገት ላይ ቶሎ የሚፈላው ለዚህ ነው። ረዳቱም ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጭ ሲወርድ የምታዩት ለዚሁ ነው፤ ምንጩ ላይ ተራ የያዙት ሴቶች ደግሞ ለአይሱዙ ተራ አይለቁም። ኮምቢ ይህ ጣጣ የላትም። ሌላ ጣጣ ግን አላት። የሚያቀዘቅዛት አየር ነው፤ አየሩ ደግሞ ስስ ነው። ቬንቲላቶሩን የሚያዞረው ራሱ ሞተሩ ስለሆነ፣ ሾፌር በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰተ ዳገት ከወጣ ሞተሩ በዝግታ ይዞራል፣ ንፋሱም ያንሳል፣ ብረቱም ይግላል። «ማርሽ ቀንስ፤ ትጩህ» ይላሉ አያ። ትጩህ። የቮልስ ጩኸት የሚያሳፍራቸው ሰዎች ናቸው ሞተር የሚያስነክሱት።

ሦስተኛዋን ሲሊንደር በተመለከተ መጽሐፍም አያም ይስማማሉ። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ልክ የሷ ንፋስ በሚያልፍበት ላይ ነው። ሌሎቹ ንጹሕ ንፋስ ሲያገኙ እሷ በትኩስ ዘይት የሞቀውን ትቀበላለች። በመጀመሪያ የምትቃጠለው የሷ የማስወጫ ቫልቮላ ነው፤ አንዳንዴ አንገቷ ተቆርጦ ፒስተኑ ላይ ትወድቃለች፣ ያኔ ሞተሩ በሙሉ ይፈታል። ጀርመኖቹ ይህን አውቀው እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከንፋሱ መንገድ ፈቀቅ አደረጉት። ፋብሪካው ራሱ የገዛ ኦሪጅናሉን ሳይሰቀጥጠው እንዲህ ካስተካከለ፣ አያ ካርቶን በመቀስ ስለቆረጡ የምንወቅሳቸው በምን አፋችን ነው?

ሞኖብሎኩ አብዛኛው ማግኒዚየም ነው። ቀላል የሆነው ለዚህ ነው። አጠገቡ ብየዳ የምትበይዱ ግን ልብ በሉ፦ ማግኒዚየም አንዴ ከተያያዘ ውሃ ሲደፉበት ይብስበታል። ደረቅ አሸዋ ነው የሚያጠፋው። ጋራዡ በር ላይ ያለው የአሸዋ በርሜል ለግንባታ የመጣ የመሰላቸው ልጆች ሲዘግኑበት አያ የሚቆጡት ያንን ስለሚያውቁ ነው።

በጥር 2011 ዓ.ም የጀርመኑ ፕሬዚዳንት አዲስ አበባ በመጡበት ጊዜ ቮልስዋገን ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የመኪና ኢንዱስትሪን የሚመለከት የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ። አያ ዜናውን በሬዲዮ ሰሙና «እስኪመጡ ይቺን እንጠግናት» አሉኝ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ የሚገባው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነው ተባለ። የሚገባው ከቆመ፣ የገባው ይኖራል ማለት ነው፤ ለመኖር ደግሞ ጥገና ያስፈልገዋል። የመጨረሻዋ ኮምቢ ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ተሠርታ ማምረቱ ቀረ፤ ሕጉ ኤርባግና የማይቆልፍ ፍሬን ስለጠየቀና ሳጥኗ ይህን ስለማትችል። የመጨረሻዎቹ የብራዚል ኮምቢዎች ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዘውን ሞተር ጥለው፣ አፍንጫቸው ላይ ራዲያተር ለጥፈው ነው የወጡት። በዚህ ሚዛን ከብራዚሏ ይልቅ የማሻዋ ወደ አባቷ ታደላለች።

የዘር ቆጠራው ውጤት ይኸው ነው፦ ሞኖብሎክ ከተጋጨች ቮልስ፣ ፒስተን ከብራዚል፣ ንድፉ ግማሹ ከታትራ፣ ሳጥኗ ከፋብሪካ ጋሪ፣ ጓርኒሲዮን ከብስኩት። ኦሪጅናል ነው ወይ ለሚለኝ ከእንግዲህ መልሴ «የማን?» ነው።

ቮልስም ሆነ ኮምቢ ላላችሁ የሚጠቅመውን ብቻ ልጨምር። 1600 ሞተር ከሆነ ዘይቱ 2 ሊትር ተኩል ነው፤ ወንፊት እንጂ ፊልትሮ የለውም፣ ስለዚህ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር። የቫልቮላው ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፣ ማለዳ፣ ሳይነሳ። መካኒካችሁ መኪናውን አስነስቶ አሙቆ «አሁን ልለካው» ካለ ቁልፉን ተቀበሉትና ወደ ሌላ ጋራዥ ሂዱ።